በማርስ ሲሙሌተር ፕሮግራም ማስኬድና ስህተቱን ደረጃ በደረጃ ማደን

የአሴምብሊ ፕሮግራም ሲበላሽ ብዙ አይናገርም። ፓይተን ላይ ስህተት ቢፈጠር ቢያንስ የመስመር ቁጥርና ምክንያት ይነገራችኋል። አሴምብሊ ግን የተሳሳተ ቁጥር አትሞ ዝም ሊል ይችላል። ሲሙሌተር የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። ሬጅስተሮቹንም (ፕሮሰሰሩ የሚሠራባቸውን ቁጥሮች የሚይዝባቸውን ትንንሽ ቦታዎች) ሜሞሪውንም እያየን አንድ ትዕዛዝ ወደፊት እንሄዳለን፤ ሲያሻንም አንድ ትዕዛዝ ወደኋላ እንመለሳለን።

ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። ብዙ ተማሪ አንድ በአንድ የሚያስኬደውን በተን ደጋግሞ ይጫናል፣ ቁጥሮቹ ሲለዋወጡ ያያል፣ ከዚያ ምንም ሳያገኝ ይዘጋዋል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ በአንድ ልማድ ላይ ይቆማል፦ በተኑን ከመጫናችሁ በፊት ምን እንደሚለወጥ ገምቱ። ግምታችሁና ስክሪኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለያዩበትን ቦታ ያዙ። ስህተቱ ወይ እዚያው ነው፣ ወይ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

እዚህ የምንጠቀመው ማርስን ነው። ማርስ ፒት ሳንደርሰንና ኬኔዝ ቮልማር ለትምህርት የሠሩት፣ በሚዙሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኩል የተሰራጨ፣ ሚፕስ ለተባለ የፕሮሰሰር ዓይነት የሚያገለግል አሴምብለርና ሲሙሌተር ነው። 4.5 የተባለው ቅጂ የወጣው በ2014 ነው። ሪስክ-ፋይቭ የተባለውን ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት የምትማሩ ከሆነ ራርስን አውርዱ። ራርስ ከማርስ ኮድ ተነስቶ የተሠራ ስለሆነ መስኮቶቹና በተኖቹ ተመሳሳይ ናቸው። የትዕዛዞቹ ስም ይለያይ እንጂ የአደኑ መንገድ አንድ ነው።

መጫንና መክፈት

ማርስ አንድ የጃቫ ፋይል ብቻ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ጃቫ ካለ ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ይበቃል፤ ሌላ የሚጫን ነገር የለም። ሲከፈት ሁለት ዋና ታቦች ታያላችሁ። "ኤዲት" ኮድ የምትጽፉበት ነው፣ "ኤክስኪዩት" ደግሞ የምታስኬዱበት። በስተቀኝ ሬጅስተሮቹ አሉ። ከታች ሁለት ትንንሽ ታቦች አሉ፤ አንዱ የማርስን መልእክት ያሳያል፣ ሌላው ፕሮግራማችሁ የሚያትመውን።

ለምሳሌ የምንይዘው ፕሮግራም

ከአምስት ቁጥሮች ትልቁን የሚፈልግ ፕሮግራም እንውሰድ። በዳታ ክፍሉ መጀመሪያ ላይ አምስት ባለ 4 ባይት ቁጥሮች ያሉት አሬይ አለ፦ -7፣ -3፣ -12፣ -9 እና -5። ከአሬዩ ቀጥሎ "ማክስ" የሚለው ቃል በሦስት የላቲን ፊደላት ተቀምጧል። ኤሟ ትልቅ ፊደል ናት፣ ሁለቱ ትንንሽ ናቸው። መጨረሻ ላይ የሚገባውን የዜሮ ማብቂያ ስንጨምር ቃሉ ልክ 4 ባይት ይይዛል። ይህን ልብ በሉ፣ ኋላ ይፈለጋል።

ኮዱ ሲጀምር የአሬዩን አድራሻ ቲ0 በተባለው ሬጅስተር ውስጥ ይጭናል። ቲ1ን ዜሮ ያደርጋል፤ ቆጣሪያችን እሱ ነው። ከዚያ የአሬዩን የመጀመሪያ ቁጥር ወደ ቲ3 ያነባል፤ እስካሁን የታየው ትልቁ ቁጥር የሚቀመጠው ቲ3 ውስጥ ነው። ሉፑ ውስጥ ሲገባ ቲ0 ካመለከተው ቦታ አንድ ቁጥር ወደ ቲ2 ያነባል። ቲ2 ከቲ3 ከበለጠ ወደ ቲ3 ይገለብጠዋል። ቀጥሎ ቲ0 ላይ 4፣ ቲ1 ላይ 1 ይደምራል። መጨረሻ ላይ "ቲ1 ከ5 ያነሰ ወይም እኩል ከሆነ ወደ ሉፑ ተመለስ" ይላል። ከሉፑ ሲወጣ ቃሉንና ውጤቱን አትሞ ያበቃል።

መልሱ -3 መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ግን 7889229 ያትማል።

አሴምብል ማድረግ

መጀመሪያ ፋይሉን ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ኮዱን ወደ ማሽን ኮድ ለመለወጥ ኤፍ3ን ተጫኑ። የአጻጻፍ ስህተት ካለ ማርስ የመስመሩንና የዓምዱን ቁጥር ይነግራችኋል። ስህተቶቹ ብዙ ከሆኑ አትደናገጡ። የመጀመሪያውን ብቻ አርሙና እንደገና ኤፍ3 በሉ። አንድ የተረሳ ኮማ ወይም በስህተት የተጻፈ ሌብል ከሥሩ ሌሎች ብዙ ስህተቶች ይወልዳል፤ እሱ ሲስተካከል ተከታዮቹም አብረው ይጠፋሉ።

አሴምብል ማድረጉ ከተሳካ ማርስ ራሱ ወደ ኤክስኪዩት ታብ ይወስዳችኋል። እዚህ ትንሽ ቆም በሉና ቴክስት ሴግመንት የሚባለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አድራሻው፣ የማሽን ኮዱ፣ ማሽኑ በትክክል የሚያስኬደው ትዕዛዝና እናንተ የጻፋችሁት መስመር ጎን ለጎን አሉ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ አድራሻ በሄክስ (በአስራ ስድስት ቤት አቆጣጠር) 00400000 ነው።

እናንተ የጻፋችሁት አንድ መስመር ሁለት ወይም ሦስት ትዕዛዝ ሆኖ ልታዩት ትችላላችሁ። አድራሻ የሚጭነው መስመር ለምሳሌ ሁለት ትዕዛዝ ሆኗል፤ አንዱ የላይኛውን 16 ቢት ያስገባል፣ ሌላው የታችኛውን። እንዲህ ያሉ አጋዥ ትዕዛዞችን አሴምብለሩ ሲዘረዝር ቁጥር 1 ሬጅስተርን እንደ ጊዜያዊ መያዣ ይጠቀምበታል። ስለዚህ እናንተ ያልነካችሁት ሬጅስተር ቢለዋወጥ አትገረሙ። እናንተም ለራሳችሁ ሥራ አትጠቀሙበት።

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ አስኪዱት

ኤፍ5 ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ያስኬዳል። ውጤቱ ትክክል ከሆነ ጨርሳችኋል። ካልሆነ የወጣውን በደንብ እዩት፣ ምክንያቱም የተሳሳተው ቁጥር ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። የእኛ ቁጥሮች ሁሉም ከዜሮ በታች ናቸው፣ ትልቁ በመጠን 12 ነው። 7889229 ከእነሱ ውስጥ ሊወጣ አይችልም። ሳናውቀው ከሌላ ቦታ ያነበብነው ነገር አለ ማለት ነው። ገና አንድም መስመር ሳናስኬድ ጥርጣሬያችን ጠበበ።

ኤፍ12 ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ይመልሳል። እያንዳንዱን አዲስ ሙከራ ከእሱ ጀምሩ። አለበለዚያ ካለፈው ሙከራ የተረፈ ቁጥር ያሳስታችኋል።

አንድ በአንድ መራመድ

ኤፍ7 አንድ ትዕዛዝ ብቻ ያስኬዳል። ኤፍ8 ደግሞ የሠራውን ትዕዛዝ ይመልሰዋል። ይህ ወደኋላ መመለስ በእውነተኛ ፕሮሰሰር ላይ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል ነው፣ በደንብ ተጠቀሙበት።

ቀለሞቹን መለየት ግድ ነው። በቢጫ የተቀባው መስመር ቀጥሎ የሚሠራው ነው፣ ገና አልተሠራም። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሰው ቢጫውን መስመር እንዳለቀ ቆጥሮ "ለምን ሬጅስተሩ አልተለወጠም?" ይላል። አረንጓዴ የሆነው ሬጅስተር አሁን ባለቀው ትዕዛዝ የተጻፈበት ነው።

ኔጋቲቭ ቁጥሮች በሄክስ ሲታዩ ግንባራቸው በኤፍ ፊደል የተሞላ ረጅም ነገር ይሆናሉ። ከዳታ ሴግመንት (ሜሞሪውን ከሚያሳየው ሠንጠረዥ) ሥር "ሄክሳዴሲማል ቫሊውስ" የሚል ሳጥን አለ። ምልክቱን አንሱት፣ ቁጥሮቹ እኛ በምንቆጥርበት አስር ቤት ይመጣሉ። የአድራሻዎቹን ሳጥን ግን በሄክስ ተዉት፤ አድራሻ በሄክስ ሲሆን ለማንበብ ይቀላል።

አሁን እንገምት። አሬዩ የሚጀምረው 10010000 ላይ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ስለሆነ ሉፑ አንዴ በዞረ ቁጥር ቲ0 በ4 መጨመር አለበት። ሉፑ አምስት ጊዜ መዞር አለበት። ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት። በጭንቅላት ብቻ የተያዘ ግምት ስክሪኑ ላይ ያለውን ሲያይ ሳይታወቅ አብሮ ይለወጣል። የተጻፈ ግን ይሟገታችኋል።

ብሬክፖይንት

ለአምስት ዙር ኤፍ7ን መደጋገም ይቻላል፣ ለአምስት መቶ ግን አይቻልም። ቴክስት ሴግመንት ውስጥ በእያንዳንዱ መስመር ግራ ትንሽ ሳጥን አለ። ምልክት ካደረጋችሁበት ፕሮግራሙ እዚያ ደርሶ ያንን ትዕዛዝ ከመሥራቱ በፊት ይቆማል። ኤፍ5 ስትጫኑ ከቆመበት ይቀጥልና ሲመለስ እንደገና ይቆማል። አሴምብል ካደረጋችሁ ምልክቶቹ ስለሚጠፉ እንደገና ማድረግ ያስፈልጋል።

የት እናቁመው? ሉፑ ሲጀምር ብናቆመው ቲ2 ገና የአሁኑን ቁጥር አላነበበም። ስለዚህ ከማንበቢያው ቀጥሎ ባለው የማወዳደሪያ መስመር ላይ ምልክት እናድርግ። እዚያ ላይ ሦስቱንም እናያለን፦ ስንተኛ ዙር እንደሆነ፣ ምን እንደተነበበ፣ እስካሁን ትልቁ ማን እንደሆነ።

የመጀመሪያው መቆሚያ ላይ ቲ1 ዜሮ ነው፣ ቲ2 ደግሞ -7። ልክ ነው። ሁለተኛው ላይ -3 ተነበበ፣ ልክ ነው። በሦስተኛው ቲ3 ወደ -3 ተለውጧል፣ የተነበበው -12 ነው። አራተኛው -9፣ አምስተኛው -5። ቲ3 አሁንም -3 ነው። እስካሁን ከወረቀታችን ጋር አንድም ልዩነት የለም። አሁን ኤፍ5 ስንጫን ግምታችን "ሉፑ አልቋል፣ መቆም የለበትም" ነው።

ቆመ። ቲ1 5 ነው፣ ቲ0 10010014 ነው፣ ቲ2 ደግሞ 7889229።

ልዩነቱ ይኸው ተገኘ። አሁን 10010014 ላይ ምን እንዳለ ዳታ ሴግመንት ውስጥ እዩ። "አስኪ" የሚለውን ሳጥን ምልክት ብታደርጉበት የ"ማክስ" ፊደላት ይመጣሉ። ማርስ የመጀመሪያውን ባይት እንደ ዝቅተኛው ባይት ስለሚቆጥር ፊደላቱ የኋሊት ተደርድረው ነው የምታዩአቸው። 77 የኤም፣ 97 የኤ፣ 120 የኤክስ ኮድ ነው። 120ን በ65536፣ 97ን በ256 አባዝታችሁ 77 ብትደምሩ 7889229 ይመጣል። ፕሮግራሙ ከአሬዩ አልፎ ቃሉን እንደ ቁጥር አንብቦታል።

ጥፋቱ "ያነሰ ወይም እኩል" የሚለው ነው። ቆጣሪው ከዜሮ ስለሚጀምር "ያነሰ" ብቻ መሆን ነበረበት። አርሙት፣ አሴምብል አድርጉ፣ አስኪዱ፤ -3 ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። ከአሬዩ በኋላ ቃሉ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ማርስ ያልተጻፈበትን ሜሞሪ ዜሮ አድርጎ ያቀርባል። ስለዚህ ስድስተኛው ንባብ ዜሮ ይሆንና ፕሮግራሙ 0 ያትማል። አሬዩ ውስጥ ፖዘቲቭ ቁጥሮች ቢኖሩ ደግሞ ዜሮው ስለማይበልጣቸው መልሱ ትክክል ይሆናል። ስህተቱ ተቀምጦ ውጤቱ ያምራል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ሙሉ በሙሉ ኔጋቲቭ የሆነ፣ አንድ ትልቁ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለበትና አንድ ባለ አንድ ቁጥር ብቻ አሬይ መሞከር የሚገባው።

ጊዜ የሚቆጥብ ሌላ መንገድም አለ። ፕሮግራሙ በቆመበት የሬጅስተርን ወይም የሜሞሪን ሕዋስ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። መጨረሻውን ዙር ብቻ ማየት ካማራችሁ ቲ1ን 4፣ ቲ0ን 10010010 አድርጋችሁ መቀጠል ነው። ኮዱን ሳትነኩ ጥርጣሬያችሁን ታረጋግጣላችሁ።

ማርስ ራሱ ሲያቆመው

አንዳንዱ ስህተት ፕሮግራሙን መሃል ላይ ይገድለዋል። ያኔ መልእክቱን ሳታነቡ አትዝጉት፤ የሚያስፈልጋችሁ ነገር እዚያው ላይ ተጽፏል።

ቲ0 ላይ በ4 ፋንታ 1 ብትደምሩ ሁለተኛው ንባብ 10010001 ላይ ይሆናል። ባለ 4 ባይት ቁጥር የሚነበበው ለ4 ከሚካፈል አድራሻ ብቻ ስለሆነ ማርስ "አድራሻው የወርድ ወሰን ላይ አይደለም" ብሎ ያቆመዋል፤ ወርድ የሚባለው ይኸው ባለ 4 ባይት መጠን ነው። ኮፕሮሰሰር 0 የሚለውን ታብ ክፈቱ። "ቪአድር" የተባለው ሬጅስተር ጥፋተኛውን አድራሻ ይዟል፣ 10010001። "ኢፒሲ" ደግሞ ጥፋቱን የሠራውን ትዕዛዝ አድራሻ ይዟል። በእኛ ፕሮግራም 00400010 ነው፣ የማንበቢያው መስመር። ግን ተጠንቀቁ። የሞተው ማንበቢያው ይሁን እንጂ የተሳሳተው ከእሱ በታች ያለው መደመሪያ ነው። ከኢፒሲ ተነሱና አድራሻውን ማን እንዳሰላው ወደኋላ ተከተሉ።

አድራሻው ከክልል ውጭ ነው ቢላችሁና ቁጥሩ ዜሮ ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻ መጫን የረሳችሁት ሬጅስተር ነው። ፕሮግራም ሲጀምር ከጥቂቶቹ በቀር ሬጅስተሮች በሙሉ ዜሮ ናቸው።

የአሪትሜቲክ ኦቨርፍሎው መልእክት ድምሩ በ32 ቢት አልተያዘም ማለት ነው። ሚፕስ ላይ ሁለት ዓይነት መደመሪያ አለ፤ አንዱ ሲሞላ ይጮኻል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያልፋል። ሪስክ-ፋይቭ ላይ መደመሪያው በጭራሽ አይጮኽም፣ ስለዚህ ራርስ የምትጠቀሙ ይህን መልእክት አትጠብቁ።

ያልታወቀ ሲስኮል (ፕሮግራሙ ለማተም፣ ለመቀበል ወይም ለመጨረስ የሚያደርገው ጥሪ) ከተባላችሁ የጥሪውን ቁጥር የሚይዘውን ቪ0ን እዩ። 1 ቁጥር ያትማል፣ 4 ጽሑፍ ያትማል፣ 5 ቁጥር ይቀበላል፣ 10 ፕሮግራሙን ይጨርሳል። 5 የተቀበለውን ቁጥር የሚያስቀምጠው እዚያው ቪ0 ውስጥ ነው። ሌላ ሲስኮል ከመጥራታችሁ በፊት ቁጥሩን ወደ ሌላ ሬጅስተር ካላዛወራችሁት ይጠፋል።

ፕሮግራሙ አልቆም ካለ ኤፍ9 ባለበት ያስቆመዋል፣ ኤፍ11 ይዘጋዋል። መጀመሪያ ኤፍ9 በሉ። ቢጫው መስመር የት እንደሚሽከረከር ያሳያችኋል። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር በኤፍ7 እየሄዳችሁ የሉፑ መውጫ የሚጠብቀው ሬጅስተር መለወጡን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ቆጣሪው ላይ የሚደምረው መስመር ተዘልሏል ወይም ሌላ ሬጅስተር ላይ ይደምራል።

ፈንክሽን ሲገባበት

ከባዱ አደን እዚህ ነው። ፈንክሽን ስትጠሩ የመመለሻው አድራሻ አርኤ በተባለው ሬጅስተር ውስጥ ይገባል። ያ ፈንክሽን ሌላ ፈንክሽን ከጠራ አርኤ ላይ አዲስ አድራሻ ይጻፍበታል፣ የመጀመሪያው መመለሻ ይጠፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፈንክሽኑ ሊመለስ ሲል ወደ ራሱ መሃል ይመለስና ለዘላለም ይዞራል።

ለማረጋገጥ ሁለት ብሬክፖይንት በቂ ነው። አንዱን የፈንክሽኑ የመጀመሪያ ትዕዛዝ ላይ፣ ሌላውን መመለሻው ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ስትቆሙ አርኤንና ኤስፒን (የስታክ፣ ማለትም ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ነገር የሚያስቀምጡበትን የሜሞሪ ክፍል፣ ጫፍ የሚያመለክተውን ሬጅስተር) ወረቀት ላይ ጻፉ። መመለሻው ላይ ስትቆሙ ሁለቱም ያው መሆን አለባቸው። አርኤ ከተለየ ስታክ ላይ ሳታስቀምጡት ሌላ ጠርታችኋል። ኤስፒ ከተለየ ከስታክ የወሰዳችሁትን ያህል አልመለሳችሁም። በኤስ የሚጀምሩ ሬጅስተሮችንም እንዲሁ አወዳድሩ፤ በስምምነቱ መሠረት ፈንክሽኑ እንዳገኛቸው መመለስ ያለበት እነሱን ነው። በቲ የሚጀምሩት ግን ከጥሪ በኋላ እንዳሉ ይቆያሉ ብላችሁ አትመኑ።

ሁለት ከዋናው ፕሮግራም ጋር የተያያዙ ወጥመዶችም አሉ። ዋናው ክፍል መጨረሻ ላይ 10 ቁጥር ሲስኮልን ከረሳችሁ ፕሮግራሙ ከሥሩ ወደ ተጻፈው ፈንክሽን ሳይጠራ ዘልቆ ይገባል። ሌላው፣ ማርስ ሥራ የሚጀምረው ከላይ ከተጻፈው የመጀመሪያ ትዕዛዝ ነው። ፈንክሽኖቻችሁን ከላይ፣ ዋናውን ከታች ከጻፋችሁ "ሴቲንግስ" ውስጥ ገብታችሁ ከግሎባሉ "ሜይን" እንዲጀምር የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት። ስፒም ለተባለው ሌላ የሚፕስ ሲሙሌተር የተጻፈ ፕሮግራም ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ዋናው ክፍል በአርኤ ለመመለስ ሊሞክር ይችላል። ስፒም ውስጥ ዋናውን የሚጠራ መነሻ ኮድ አለ፣ ማርስ ውስጥ የለም። ስለዚህ አርኤ ዜሮ ሆኖ ይቆይና ማርስ የፕሮግራም ካውንተሩ (ቀጥሎ የሚሠራውን ትዕዛዝ አድራሻ የሚይዘው) ልክ አይደለም ይላል።

ያው ሴቲንግስ ውስጥ "ዲሌይድ ብራንቺንግ" የሚል ምርጫ አለ። ሳታስቡት ከበራ ከእያንዳንዱ ዝላይ ቀጥሎ ያለው ትዕዛዝ ከዝላዩ በፊት ይሠራል። እውነተኛው ሚፕስ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ሆኖም ኮዳችሁ ለዚያ ካልተጻፈ ደህናው ፕሮግራም ሁሉ የተበላሸ ይመስላል። ፍጹም የማይመስል ነገር ካያችሁ ይህን ምርጫ አረጋግጡ።

ልክ ከሆነ በኋላ፦ ካሽ

ፕሮግራሙ ትክክል ሲሆን ሲሙሌተሩ ሌላም ያስተምራል። "ቱልስ" ውስጥ የዳታ ካሽ (ከሜሞሪ የመጣ ነገር ለጊዜው የሚያዝበት ፈጣን ማከማቻ) ሲሙሌተር አለ። ክፈቱትና ከሚፕስ ጋር የሚያገናኘውን በተን ተጫኑ፤ ካልተገናኘ ምንም አይቆጥርም። ቀድሞ የተሞላው ምርጫ ዳይሬክት ማፕድ (እያንዳንዱ የሜሞሪ ብሎክ ካሹ ውስጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ብቻ ያለው)፣ 8 ብሎክ፣ በብሎክ 4 ወርድ ነው። በዚህ ካሽ 16 በ16 የሆነ ሠንጠረዥን በረድፍ በረድፍ ብትሄዱበት የተሳካው ንባብ 75 በመቶ ይሆናል። ከአራት ወርድ የመጀመሪያው ብቻ ከሜሞሪ ስለሚመጣ ነው። በዓምድ በዓምድ ብትሄዱ 0 በመቶ ይሆናል። ከአንድ ረድፍ ወደ ቀጣዩ 16 ወርድ ወይም 4 ብሎክ ይዘለላል፤ ስለዚህ ከስምንቱ ብሎኮች ሁለቱ ብቻ እየተፈራረቁ ይያዛሉ፣ የመጣውም ዳግም ሳይፈለግ ይባረራል። ከማስኬዳችሁ በፊት እዚህም ገምቱ። የብሎኩን መጠን ወደ 16 ወርድ ብታሳድጉ የረድፉ ውጤት ስንት ይሆናል? ከ16 አንዱ ብቻ ስለሚሳት 93.75 በመቶ መምጣት አለበት።

ብዙ የሙከራ ፋይል ያላችሁ ደግሞ ማርስን ያለ መስኮት ከትዕዛዝ መስመር ማስኬድ ትችላላችሁ። የምትፈልጉትን ሬጅስተርና የሜሞሪ ክልል ብትሰጡት ሲጨርስ ያትምላችኋል። የትዕዛዝ ብዛት ገደብም ስጡት፤ አንዱ ፋይል ማለቂያ በሌለው ሉፕ ቢያዝ ገደቡ ላይ ይቆምና ቀሪዎቹ ፋይሎች ተራቸውን ያገኛሉ።